የሽልማትን ዋጋ በፕራይሜት አንጎል ውስጥ ለማጥናት የቱን ሙከራ፣ የቱን የአንጎል ክፍልና የቱን መሣሪያ መምረጥ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

አንዲት ሪሰስ ማካክ ጦጣ ስክሪን ፊት ተቀምጣ አንድ ጠብታ የምትወደው ጭማቂና ሦስት ጠብታ ብዙም የማትወደው ጭማቂ ሲቀርብላት፣ ዓይኗን ወደ አንዱ ምልክት በማዞር ምርጫዋን ታሳውቃለች። ይህን ቀላል የሚመስል ምርጫ በምታደርግበት ጊዜ በመካከለኛው አንጎል ያሉት የዶፓሚን ሴሎች፣ ከዓይን ጕድጓድ በላይ የሚተኛው ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያሉት ስትራያተምና አሚግዳላ፣ የፊተኛው ሲንጉሌት ኮርቴክስና ፓራይታል ኮርቴክስ ሁሉም የኤሌክትሪክ ምታቸውን ከሚጠበቀው ሽልማት ጋር እያስማሙ ያፋጥናሉ ወይም ያዘገያሉ። በዚህ መስክ ጥናት ለመጀመር የሚያስብ ሰው የሚቸገረው እንግዲህ ከሽልማት ጋር የሚለዋወጥ ሴል አጥቶ አይደለም፤ ኤሌክትሮዱን የትም ቢያስገባ ያገኘዋል። ችግሩ ያገኘው ሴል ምን እያደረገ እንደሆነና እንስሳዋን ወደ ምርጫዋ የሚመራት እሱ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጀማሪ ተመራማሪዎችና የሌሎችን ውጤት ሲያነቡ የትኛውን በምን ያህል መጠን ማመን እንዳለባቸው ለሚያስቡ ሰዎች ነው። አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው፤ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ያለውን መሣሪያ ይዞ ለእሱ የሚስማማ ጥያቄ ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ እንስሳዋ የምትሠራው የሙከራ ተግባር፣ ከዚያ የአንጎል ክፍሉ፣ በመጨረሻ መሣሪያው ይመረጣል። ሁለተኛው እርከን ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የሙከራ ተግባር ሲመረጥ

ዋጋ በሚሊ ሊትር አይለካም። አንድ ሴል ጭማቂው በጨመረ ቁጥር ምቱን ቢያፋጥን፣ ያ ሴል ስለ ጭማቂው መጠን፣ በአፍ ውስጥ ስለሚሰማው ነገር፣ ወይም እንስሳዋ ስላደረባት ንቃት እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ዋጋ ማለት ሽልማቱ ለዚያች እንስሳ፣ በዚያች ሰዓት ያለው ክብደት ነው፤ ይህን ደግሞ ከራሷ ምርጫ በስተቀር የሚነግረን የለም። ጦጣዋ አንድ ጠብታ የመጀመሪያውን ጭማቂና ሦስት ጠብታ ሁለተኛውን እኩል ጊዜ የምትመርጥ ከሆነ፣ ለእሷ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ያወጣል ማለት ነው። ይህ የእኩልነት ነጥብ ከታወቀ በኋላ የሴሉ ምት የሚከተለው የጠብታውን ቁጥር ይሁን ወይስ ከምርጫዋ የተገኘውን ዋጋ፣ ሁለቱን በግራፍ ላይ አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻላል። ካሚሎ ፓዶዋ ስኪዮፓና ጆን አሳድ በ2006 ያሳተሙት ጥናት በመስኩ መለኪያ ሆኖ የቀረው ይህን በጥንቃቄ ስላደረገ ነው። በኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሴሎችን ለዩ፤ አንዱ የአንደኛውን የቀረበ ጭማቂ ዋጋ፣ ሌላው የተመረጠውን ዋጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ የተመረጠው የትኛው ጭማቂ እንደሆነ ይገልጻል። ምልክቶቹ በስክሪኑ ግራ ይሁኑ ቀኝ፣ ዓይን ወዴትም ይዙር፣ ምቱ ይህን ያህል አልተለወጠም።

ምርጫ የሌለበት ተግባር፣ ማለትም አንድ ምልክት ታይቶ ሽልማት የሚከተልበት፣ ለማስተማርም ለመተንተንም ቀላል ነው። ስለ መማር ለሚጠይቅ ሰው ተስማሚ ነው፤ ስለ ዋጋ ለሚጠይቅ ግን ብቻውን አይበቃም። ትልቅ ሽልማት የሚያበሥር ምልክት ትኩረትንም ይስባል፣ ጡንቻንም ያነቃቃል። ማቲው ሮሽና ካርል ኦልሰን በ2004 ያቀረቡት መፍትሔ እጅግ ብልህ ይመስለኛል። ጦጣዎቹ በአንድ በኩል ትልቅ ወይም ትንሽ ሽልማት፣ በሌላ በኩል ስሕተት ቢሠሩ የሚደርስባቸው ከባድ ወይም ቀላል ቅጣት ተነገራቸው። ትልቅ ሽልማትም ከባድ ቅጣትም ትጋትን ይጨምራሉ፤ ዋጋቸው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። በዚህ መለያ ሲፈተኑ የኦርቢቶፍሮንታል ሴሎች ዋጋን ሲከተሉ፣ እንቅስቃሴን በሚያዘጋጀው ፕሪሞተር ኮርቴክስ ያሉት ግን ትጋትን ተከተሉ። ቅጣቱ ባይኖር ኖሮ ሁለቱም «የዋጋ ሴሎች» ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ስለዚህ በጀትዎና ጊዜዎ ከሚፈቅዱት ተጨማሪ ነገር አንዱን ብቻ ማስገባት ቢችሉ፣ የሚያስገቡት እንዲህ ያለ ዋጋንና መሳዮቹን የሚያለያይ ሁኔታ ይሁን እላለሁ።

እንስሳዋ በየዙሩ እየሞከረች የትኛው ድርጊት የተሻለ እንደሚከፍል የምትማርበት ተግባር ሌላው አማራጭ ነው። ጥቅሙ ዋጋ በጊዜ ሂደት ሲለዋወጥ መታየቱ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፦ የምት ፍጥነት በራሱ ምክንያት ቀስ እያለ ይዋዥቃል፣ የድርጊቱ ዋጋም ቀስ እያለ ይለዋወጣል፤ ሁለት ቀስ ብለው የሚዋዥቁ ነገሮች ደግሞ አንዳች ግንኙነት ሳይኖራቸው ግንኙነት ያላቸው መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ሎተም ኤልበር ዶሮዝኮና ዮናታን ሎቨንስታይን በ2018 ይህንኑ አሳይተዋል፤ በተለመደው የስታትስቲክስ ስሌት ከተሄደ፣ ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው የአንጎል ክፍሎች የተቀዱ ሴሎች እንኳ «የድርጊት ዋጋ» የሚገልጹ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ተግባር የሚመርጥ ሰው የየዙሩን ዋጋ በቅደም ተከተል ከመለዋወጥ ይልቅ በዘፈቀደ የሚቀላቅል ክፍል ማስገባት፣ ወይም የራሱን ሴሎች ከሌላ ቀን የዋጋ መስመር ጋር አነጻጽሮ ምን ያህሉ በአጋጣሚ «እንደሚያልፉ» መቁጠር አለበት። ይህን ሳያደርጉ የሚወጡ ውጤቶችን በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው።

የማጥገብ ተግባር የሚባለውም አለ። እንስሳዋ አንዱን ምግብ እስክትጠግብ ከበላች በኋላ ምርጫዋ ወደ ሌላው ማዘንበሉ ይታያል። ኤድመንድ ሮልስና ባልደረቦቹ በ1989 እንዳሳዩት በኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ ያሉ የጣዕም ሴሎች እንስሳዋ ለጠገበችው ምግብ የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል። ምግቡ ያው፣ ጣዕሙም ያው ሆኖ የተለወጠው ዋጋው ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ተግባር በቀላልነቱ ንጹሕ ነው፤ ጉድለቱ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ መድገም አለመቻሉ ነው።

የአንጎል ክፍል ሲመረጥ

ጥያቄዎ «አንጎል ከስሕተቱ እንዴት ይማራል?» ከሆነ የዶፓሚን ሴሎች የሚወዳደራቸው የለም። ቮልፍራም ሹልትዝ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከማካኮች የቀዳቸው ሴሎች ሦስት ነገር አሳዩ። ያልተጠበቀ ጭማቂ ሲመጣ ሴሉ በአንድ ጊዜ ተከታታይ ምቶች ይተኩሳል። ምልክቱ ጭማቂን እንደሚያበሥር ከታወቀ በኋላ ምላሹ ወደ ምልክቱ ይሸጋገራል፤ ጭማቂው ራሱ ሲደርስ የሴሉ ምት ከወትሮው አይለወጥም። ተስፋ የተደረገው ጭማቂ ከቀረ ደግሞ፣ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ምቱ ከወትሮው በታች ይወርዳል። ሹልትዝ፣ ፒተር ዳያንና ሪድ ሞንታግ በ1997 ይህንን ከሒሳባዊ የመማር ንድፈ ሐሳብ ጋር አገናኝተው «የሽልማት ግምት ስሕተት» ብለው አብራሩት፤ ሴሉ የሚናገረው የተገኘው ከተጠበቀው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ነው። ሹልትዝ፣ ዳያንና ሬይመንድ ዶላን በ2017 የ«ብሬይን ፕራይዝ» ሽልማትን የተቀበሉት በዚህ መስክ ባበረከቱት ሥራ ነው። ዊልያም ስታውፈር፣ አርሚን ላክና ሹልትዝ በ2014 አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ምላሹ የጭማቂውን መጠን ሳይሆን፣ ከእንስሳዋ ምርጫ የተሰላውን የርካታ መስመር (መጠኑ ሲጨምር ርካታዋ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳየውን) ቅርጽ የሚከተል መሆኑን አሳዩ።

ነገር ግን ጥያቄዎ «አሁን ከቀረቡት ሁለት ነገሮች የትኛው ይመረጣል?» ከሆነ ዶፓሚንን አይምረጡ። የዶፓሚን ሴል ምልክቱ ከታየ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ቆይቶ በአጭሩ ይናገራል፤ የሚናገረውም አንድ ቁጥር ነው እንጂ የፖም ይሁን የወይን ጭማቂ መሆኑን ለይቶ አይደለም። ለመማር ይህ መልካም ነው፤ አንድ ድምፅ ለሁሉም ክፍል ይደርሳል። ለማወዳደር ግን ሁለቱ አማራጮች ለየብቻ መወከል አለባቸው። በተጨማሪም ሁሉም የዶፓሚን ሴሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ማሳዩኪ ማትሱሞቶና ኦኪሂዴ ሂኮሳካ በ2009 እንዳሳዩት ከፊሎቹ መጥፎ ነገር በሚያበሥር ምልክትም ይነቃቃሉ። ስለዚህ ምላሹን ከጥቂት ሴሎች ቀድቶ «ዶፓሚን እንዲህ ይላል» ማለት ያስቸግራል። የእነዚህ ሴሎች ዝምታ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ላተራል ሃቤኑላ የተባለችው ትንሽ ክፍል አለች፤ እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች በ2007 እንዳሳዩት ሴሎቿ ሽልማት ሲቀር ይነቃቃሉ፣ ሲነቃቁም የዶፓሚን ሴሎችን ያፍናሉ።

ለማወዳደር ጥያቄ የምመርጠው ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስን ነው። አማራጮቹ እዚያ በየስማቸው ተወክለው ይገኛሉ። ይህ ማለት ግን ነገሩ ጠርቶ አልቋል ማለት አይደለም፤ ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው ክርክርም እዚህ አለ። ሊዮን ትሬምብሌና ሹልትዝ በ1999 የአንድ ሴል ምላሽ በዚያ ክፍለ ጊዜ አብሮ በሚቀርበው ሌላ ሽልማት ላይ እንደሚወሰን ዘገቡ፤ ያው ሽልማት ከተሻለ ጋር ሲቀርብ ችላ ይባላል፣ ከባሰ ጋር ሲቀርብ ይወደዳል። ፓዶዋ ስኪዮፓና አሳድ በ2008 ደግሞ የአንድ ጭማቂ ዋጋ የሚገልጽ ሴል አብሮት የቀረበው ሌላ ጭማቂ ቢቀያየርም እንደማይለወጥ ዘገቡ። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው በተግባሩ አሠራር ላይ ነው። በመጀመሪያው ጥናት ጥንዶቹ በየክፍለ ጊዜው ተለይተው ቀረቡ፣ በሁለተኛው ግን በየዙሩ ተቀላቅለው ቀረቡ። በ2009 ፓዶዋ ስኪዮፓ እንዳሳየው ሴሎቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሚያጋጥማቸው የዋጋ ስፋት ጋር ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ሰፊ ከሆነ በቁጠባ፣ ጠባብ ከሆነ በልግስና ይተኩሳሉ። እንግዲህ ዙሮችን መቀላቀል ወይም መለየት ቴክኒካዊ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የሚያገኙትን መልስ ይወስናል። ሙከራውን ሲነድፉ ይህንን ቀድመው ይወስኑ፣ ሲያነቡም መጀመሪያ ይህንን ይፈልጉ።

እዚሁ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሴሎችን መቅዳት ለሚችል ሰው አንድ ተጨማሪ በር አለ። ኤሪን ሪችና ጆናታን ዋሊስ በ2016 እንዳሳዩት፣ ጦጣዋ እያመነታች ባለችበት ጊዜ የሴሎቹ ስብስብ የሚገልጸው የሁለቱን አማራጮች አማካይ አይደለም፤ አንዴ የአንዱን፣ አንዴ የሌላውን አማራጭ ዋጋ እየተፈራረቀ ይገልጻል። አንድን ሴል ብቻ በብዙ ዙሮች አማካይ ያየ ተመራማሪ ይህን መፈራረቅ በጭራሽ ሊያየው አይችልም ነበር። ይህ ውጤት ባይኖር ኖሮ ስለ መሣሪያ ያለኝ አስተያየት ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር።

ስትራያተም ዋጋ ከድርጊት ጋር የሚጋባበትን ቦታ ለሚፈልግ ሰው ነው። ካዙዩኪ ሳመጂማ፣ ኬንጂ ዶያና ባልደረቦቻቸው በ2005 ጦጣዎች መቆጣጠሪያ ዘንግን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዞሩ የእያንዳንዱን ድርጊት ዋጋ ለየብቻ የሚገልጹ ሴሎች አገኙ። ከላይ የተነሣው የመዋዥቅ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ የሚመለከተው እንዲህ ያሉትን ውጤቶች ነው፤ ቢሆንም ክፍሉ ለዋጋ አስፈላጊ መሆኑ በሌላ መንገድም ታይቷል። ሂዮንግ ኪምና ሂኮሳካ በ2013 ኮዴት የተባለው የስትራያተም ክፍል ራስ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ዋጋን፣ ጅራቱ ደግሞ በብዙ ቀናት ልምምድ የጸና ዋጋን እንደሚይዙ አሳዩ፤ ራሱ ለጊዜው ሲደነዝዝ የመጀመሪያው፣ ጅራቱ ሲደነዝዝ ሁለተኛው ተዳከመ። የልማድን ጥያቄ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። አሚግዳላ አንድ ምስል ከጥሩ ወደ መጥፎ ሲገለበጥ በፍጥነት ምላሹን የሚለውጥ ክፍል ስለሆነ፣ ጥሩንና መጥፎን አብሮ ለሚያጠና ይመረጣል። የፊተኛው ሲንጉሌት ኮርቴክስ «እዚሁ ልቆይ ወይስ ትቼ ልሂድ?» ለሚል ጥያቄ ይስማማል፤ ቤንጃሚን ሄይደን፣ ጆን ፒርሰንና ማይክል ፕላት በ2011 እንስሳዋ በአንድ ቦታ በቆየች ቁጥር ምታቸው እየጨመረ ሄዶ ጣራ ላይ ሲደርስ እንድትለቅ የሚያደርግ የሚመስል የሴሎች እንቅስቃሴ ዘግበዋል። ፓራይታል ኮርቴክስ በ1999 ፕላትና ፖል ግሊምቸር የሽልማትን መጠንና የመገኘቱን ዕድል የሚከተሉ ሴሎችን ካገኙበት ጊዜ ጀምሮ ታሪካዊ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ዋጋ እዚያ ከዓይን እንቅስቃሴና ከትኩረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጥናት አልመክረውም።

መሣሪያ ሲመረጥ

በቀጭን ኤሌክትሮድ ከአንድ ሴል መቅዳት ሚሊሰከንድን የሚለይ ትክክለኛነት ይሰጣል። በዚህ መመሪያ ከተጠቀሱት ግኝቶች አብዛኞቹ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። የሪሰስ ማካክ አንጎል ወደ 6.4 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች እንዳሉት ሲታሰብ፣ በአንድ ጥናት የሚቀዱት ጥቂት መቶዎች ምን ያህል ትንሽ ናሙና እንደሆኑ ግልጽ ነው፤ ተመራማሪው ደግሞ ሳያውቀው ጎልተው የሚተኩሱትን መርጦ ይቀዳል። ብዙ መቀበያ ነጥብ ያላቸው ዘመናዊ ኤሌክትሮዶች ይህን ያቃልላሉ፤ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ስለሚቀዱ የሪችና የዋሊስን ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ያስችላሉ። አቅሙ ካለ ዛሬ አዲስ ጥናት የሚጀምር ሰው እነዚህን መምረጡ ተገቢ ነው።

ኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎልን እንቅስቃሴ በማግኔት ምስል የሚያሳይ መሣሪያ፣ በሰው ላይ ያለ ቀዶ ሕክምና መሥራት ያስችላል፤ መላውን አንጎልም በአንድ ጊዜ ያሳያል። የሚለካው ግን የሴልን ምት ሳይሆን ከእሱ በኋላ የሚመጣውን የደም ለውጥ ነው፤ ይህም ጫፉ ላይ የሚደርሰው አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው። የዶፓሚን ሴል ደግሞ ንግግሩን ከሰከንድ ሩብ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። በአንዲት የምስል ነጥብ ውስጥም በጣም ብዙ ሴሎች ተደባልቀው አሉ፤ በኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ ውስጥ ደግሞ የተለያዩ ጭማቂዎችን ዋጋ የሚገልጹ ሴሎች ጎን ለጎን ተሰባጥረው ስለሚገኙ ልዩነታቸው ይጠፋል። ከዚህም በላይ ይህ ክፍል በአየር ከተሞሉት የፊት አጥንት ክፍተቶች አጠገብ ስለሚገኝ ምስሉ በዚያ አካባቢ ይደበዝዛል። ኤፍኤምአርአይን «የት?» ለሚል ጥያቄ ይምረጡ፤ «እንዴት?» ለሚለው አይምረጡ።

እስካሁን የተወዳደሩት ሁሉ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች ናቸው። ሴሉ ከዋጋ ጋር አብሮ መለዋወጡን ይነግሩናል፤ ምርጫውን መምራቱን ግን አይነግሩንም። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማየት በ2016 ሊዮር ካትስና ባልደረቦቹ ያወጡትን ውጤት ማሰብ ይበቃል። ጥናቱ የሽልማት ሳይሆን የእንቅስቃሴ አቅጣጫን የመለየት ጥናት ነበር፤ በፓራይታል ኮርቴክስ ውስጥ ምታቸው ከውሳኔው ጋር እጅግ የተስማማ ሴሎች ያሉበት ክፍል ቢደነዝዝም የእንስሳዎቹ ውሳኔ ምንም አልተጓደለም። አብሮ መጓዝ መምራት አይደለም። ስለዚህ የጥያቄዎ ቃል «ይመራል» የሚል ከሆነ፣ የሚነካ መሣሪያ ግድ ነው።

ከሚነኩት መሣሪያዎች የድሮው ክፍሉን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ነው። ይህን በጭራሽ አልመክርም፤ ምክንያቱም በዚያ የሚያልፉ የሌሎች ክፍሎች የነርቭ ገመዶች አብረው ይቆረጣሉ። ፒተር ሩዴቤክ፣ ኤልዛቤት መሬይና ባልደረቦቻቸው በ2013 ይህን በአሳማኝ ሁኔታ አሳዩ። ለረጅም ጊዜ የኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ ሥራ ነው ሲባል የነበረውን፣ ማለትም ጥሩና መጥፎ ሲገለባበጥ ምርጫን የማስተካከል ችሎታን፣ ገመዶቹን ሳይነካ ሴሎቹን ብቻ በሚገድል መድኃኒት ሲፈትኑት ችሎታው ሳይጎድል ቀረ። የጎደለው ከጥጋብ በኋላ ዋጋን የማደስ ችሎታ ነበር። አንድ የመሣሪያ ምርጫ የዓመታት ድምዳሜን እንዲህ ሲያናጋ ማየት፣ ለእኔ ከዚህ መስክ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ነው።

ሙሲሞልን የመሰለ መድኃኒት በጥቂቱ መጨመር ሴሎችን ለሰዓታት ብቻ ያደነዝዛል፤ እንስሳዋ በማግሥቱ ወደ ራሷ ስለምትመለስ ከራሷ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ለብዙ ጥያቄዎች የተሻለው መነሻ ይህ ይመስለኛል፤ ወጪው አነስተኛ፣ ትርጉሙም ግልጽ ነው። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግንኙነት መፈተን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ ተቀባይ ሞለኪውልን በቫይረስ ወደ ሴሎች አስገብቶ በመድኃኒት የማፈን ዘዴ በ2016 በማካኮች ላይ ተሠርቶበታል፤ ኦርቢቶፍሮንታልና ራይናል ኮርቴክስ ለጊዜው ሲለያዩ እንስሳዎቹ የሽልማትን ልዩነት የማመዛዘን ችሎታቸው ተዳከመ።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ በአንድ ዙር ውስጥ በትክክለኛው ቅጽበት መንካት ያስችላል፤ የጎደለው የሚነካውን ሴል አለመምረጡ ነው። እንግዲህ የተለያየ ጭማቂ የሚወክሉ ሴሎች ጎን ለጎን ተሰባጥረው ባሉበት ቦታ ይህ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የፓዶዋ ስኪዮፓ ቡድን በ2020 ባወጣው ጥናት መልሱን ያገኘው ሙከራውን በዚያ እውነታ ላይ ተመሥርቶ በመንደፍ ነው። ዝቅተኛው የኤሌክትሪክ ፍሰት የቀረቡትን ነገሮች ዋጋ ከፍ በማድረግ ምርጫውን አስቀድሞ በተገመተው አቅጣጫ አዘነበለ፤ ከፍተኛው ፍሰት ግን ዋጋ ማስላቱንም ማወዳደሩንም አናግቶ ምርጫውን ወላዋይ አደረገው። «ይመራል» ለሚለው ቃል ከተሰጡት ማስረጃዎች አንዱን ብቻ ጥቀስ ብባል ይህንን እጠቅሳለሁ።

ኦፕቶጄኔቲክስ፣ ማለትም ለብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ፕሮቲንን ወደ ተመረጡ ሴሎች የማስገባት ዘዴ፣ በአይጦች ላይ የተለመደ ቢሆንም በጦጣዎች ላይ አሁንም አስቸጋሪ ነው። ቢሆንም ስታውፈርና ባልደረቦቹ በ2016 የማካክ ዶፓሚን ሴሎችን ብቻ ለይተው በብርሃን አነቃቅተዋል፤ ጦጣዎቹም ከብርሃኑ ጋር የተያያዘውን ምልክት ይበልጥ መምረጥ ጀመሩ። የሚጠይቁት በእርግጥ ስለ አንድ የሴል ዓይነት ከሆነ፣ ድካሙ ይገባዋል፤ ካልሆነ ቀለል ያለውን ይምረጡ።

ማንን እናጥና?

በአይጦች ላይ የሴል ዓይነትን መለየት ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ የግንባር ቅርፊታቸው በጦጣዎችና በሰዎች ዘንድ ካለው በአሠራሩ ይለያል፤ በውስጡም በፕራይሜቶች የሚታየው ትናንሽ ሴሎች የሚደረደሩበት አራተኛው ንብርብር አይገኝም። ለግምት ስሕተት ጥያቄ አይጥ ትበቃለች ብዬ አምናለሁ። ለተወሳሰበ ማወዳደር ግን ማካክ ወደ ሰው ይቀርባል። ሰውን በቀጥታ በኤሌክትሮድ መቅዳት የሚቻለው ለሕክምና ሲባል ኤሌክትሮድ በገባላቸው በጎ ፈቃደኛ ታካሚዎች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቦታውን የሚመርጠው ሐኪሙ እንጂ ተመራማሪው አይደለም፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

ጦጣን መምረጥ ከባድ ኀላፊነት ነው። እንስሳዋ ለጭማቂ እንድትሠራ ውኃ በመጠን ይሰጣታል፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፣ ለብዙ ዓመታትም በሰው እጅ ትኖራለች። በ1959 ዊልያም ራሰልና ሬክስ በርች ያስቀመጡት መርሕ፣ በሌላ መተካት የሚቻለውን ተካ፣ ቁጥሩን ቀንስ፣ ሥቃዩን አቅልል የሚለው፣ ዛሬም የምርጫው መጀመሪያ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ ጥናቶች በሁለት ጦጣዎች ብቻ ይሠራሉ፤ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ውጤት እንድታረጋግጥ ነው የታሰበችው። ሁለቱ ካልተስማሙ አማካይ አውጥቶ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ በእያንዳንዷ ምርጫ፣ ማለትም በእኩልነት ነጥቧና በማመንታቷ ላይ አስቀድሞ መታየት አለመታየቱን መመርመር ይገባል። ከታየ፣ ሴሎቻቸው መለያየታቸው ውጤቱን የሚያጠናክር ማስረጃ ነው፤ ዋጋ የግል መሆኑን ሴሎቹ ራሳቸው እየመሰከሩ ነውና። ካልታየ ግን ኤሌክትሮዶቹ በሁለቱ አንጎሎች ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አርፈው እንደሆነ በምስል አረጋግጦ፣ ሦስተኛ እንስሳ ከመጨመር በፊት የተግባሩን ንድፍ እንደገና መፈተሽ ይቀድማል።